ሀዲዱን ማን ወሰደው?

«ሀዲዱን ማን ወሰደው?» አለኝ አባቴ።

እኔ ቢግ ሳቬጅ ከሚባለው ዋሻ አፍ ላይ ሳይክሌን ግንብ አስደግፌ ዳቦዬን እገምጣለሁ። እሱ ድሬዳዋ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ነው። ለእኔ ረፋድ ሲሆን ለእሱ መሽቷል። ስልኩን ከፍ አድርጌ ከፊቴ የተደራረቡትን ተራሮች አሳየሁት። ዋሻውን አሳየሁት። በተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተደልድሎ እንደ አመድ የነጣውን፣ የመጣሁበትን መንገድም አሳየሁት። ተራሮቹን ዝም ብሎ አለፋቸው። ዋሻውንም «ደህና ነው» ብሎ አለፈው። መንገዱ ላይ ሲደርስ ግን ያችን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔም የምለው ጠፋኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነው። ድሬ ላይ ያደገ እንደሚያውቀው «ሸመንደፈር» መሥሪያ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ልጆች ሲጣሉ እንኳ የማን አባት ባቡር ነጂ፣ የማን አባት ዘበኛ እንደሆነ ይቆጠር ነበር። የእኔ አባት መስመር ጠጋኝ ነበር። አካፋና ዶማ ከተሸከሙ ባልደረቦቹ ጋር ሀዲዱን ተከትሎ ይሄዳል፤ የላላውን ብሎን ያጠብቃል፣ ጠጠር የጎደለበትን ይሞላል፣ የተደፈነ ቦይ ይጠርጋል። ከጂቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው 784 ኪሎ ሜትር መስመር ለእርሱ ታሪክ አልነበረም፤ ዛሬም ሲበርድ የሚያመው ወገቡ ነው። ጡረታ ሲወጣ ከአዲስ አበባ ባቡር መምጣቱ ቀርቶ ነበር። በ2016 አዲሱ ሰፊ ሀዲድ በሌላ በኩል ተመረቀ። አባቴ ግን ማታ ማታ ለወሬ ሲወጣ አሁንም በአሮጌው ጣቢያ በኩል ዞሮ ነው የሚመለሰው።

እኔ ደግሞ መሐንዲስ ሁን ሲባል ታሪክ አጠናለሁ ብዬ ሜሪላንድ የተቀመጥሁ ልጁ ነኝ።

ሳይክሏን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ ተመራቂ ተማሪ ገዛኋት። አሁን «ግራቭል» እያሉ በውድ የሚሸጡት ዓይነት ናት፤ መሪዋ እንደ እሽቅድምድም ሳይክል የተቆለመመ፣ ጎማዋ ወፈር ያለ፣ ለኮረኮንች የተሠራች። እኛ ልጆች ሆነን ደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ በአሸዋውና በጠጠሩ ላይ በኪራይ ሳይክል ስንወድቅ ስንነሣ፣ ይህ ነገር ስፖርት መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም።

ፈተና እንዳለቀ ከዋሽንግተን፣ ከጆርጅታውን ሰፈር ተነሣሁ። መንገዱ የፖቶማክ ወንዝን ዳር ይዞ እስከ ከምበርላንድ ከተማ 297 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት ነበር። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል አሮጌው ቦይ፤ ቦዩ አንዳንድ ቦታ ውሃ ይዟል፣ አንዳንድ ቦታ ዛፍ በቅሎበታል። ኤሊዎች ግንድ ላይ ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። የመጀመሪያው ቀን እንደ ሠርግ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ዘነበ። የዚህ ወንዝ ዳር ጭቃ ተንኮለኛ ነው፤ ከጎማው ጋር እየተጠቀለለ ፍሬኑ ሥር ይታጨቃል፣ ካቴናውን ያንቃል። እየገፋሁ፣ በእንጨት እየፋቅሁ፣ እንደገና እየወጣሁ ስሄድ የኋላ ጎማዬ ፍስስ አለ። ካላማዳሪያውን አውጥቼ ቀዳዳውን አገኘሁት። ማስቲሹ ግን ከነቱቦው ደርቋል። (ከመነሣትህ በፊት እቃህን ፈትሽ ያለኝ አባቴ ነበር። አልፈተሽሁም።) አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ከባሏ ጋር ስትመጣ አየችኝና ምንም ሳትጠይቅ አዲስ ካላማዳሪያ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ገንዘብ ልስጥሽ ስላት «አንተም ለሌላው ስጥ» ብላ ሄደች። እስካሁን ያለብኝ ዕዳ ነው።

ሌሊቱን በነፃ ከሚታደርባቸው የድንኳን ሜዳዎች በአንዱ አደርሁ። ውሃ በእጅ ፖምፓ ይቀዳል። እንቅልፍ ግን የለም! ከወንዙ ማዶ የጭነት ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል፣ ያፏጫል። ድሬ ነግቶ ስለነበር ደወልሁና ስልኩን ወደ ወንዙ ያዝሁለት። አባቴ ጥቂት አዳመጠና «ጭነት ነው፤ በደንብ ሞልተውታል» አለ። እንዴት እንዳወቀ እግዜር ይወቅ።

የቦዩን ታሪክ የነገርሁትም ያን ሌሊት ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ ይወዳል። ጁላይ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ለቦዩ የመጀመሪያውን አካፋ አፈር አነሡ። በዚያው ዕለት ባልቲሞር ላይ የባልቲሞርና ኦሃዮ ምድር ባቡር የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። እንግዲህ ውሃና ብረት ወደ ምዕራብ ሩጫ ጀመሩ ማለት ነው። ቦዩን አብዛኛውን የቆፈሩት ከአየርላንድ ተሰደው የመጡ ላብ አደሮች ናቸው፤ በ1832 ኮሌራ ገብቶ ብዙዎቹን ጨረሳቸው። ጀልባውን እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ 74 የድንጋይ መዝጊያዎች ሠሩ፤ እኔ ሠላሳ ምናምን ድረስ ቆጥሬ ተውሁት። ፓው ፓው የሚባል ቦታ ላይ ደግሞ ተራራ በስተው 950 ሜትር ዋሻ አወጡ፤ በ1836 ተጀምሮ ለጀልባ የተከፈተው በ1850 ነው። በባትሪ እየገፋሁ ሳልፍበት ግድግዳው የእነሱን ላብ አሁንም የሚያንጠባጥብ መሰለኝ።

«ታዲያ ማን ቀደመ?» አለ አባቴ።

«ባቡሩ። ከምበርላንድ በ1842 ገባ። ቦዩ በስምንት ዓመት ዘገየና ፒትስበርግ ሳይደርስ እዚያው ቀረ።»

ሳቁ ከድሬዳዋ ፖቶማክ ድረስ ተሰማ። ራሱ ያሸነፈ ይመስል!

ቦዩን የ1924 ጎርፍ ዘጋው፤ በ1938 መንግሥት በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በኋላ የመኪና መንገድ ይሠራበት የሚል ሐሳብ መጣ። ዊልያም ዳግላስ የሚባሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በማርች 1954 ጋዜጠኞችን አስከትለው ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን በእግራቸው ወረዱ። መጨረሻውን ያዩት ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። በ1971 ቦዩ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እኔ በጭቃው ስሳደብበት የነበረው መንገድ እንዲህ የተረፈ ነው።

ከከምበርላንድ በኋላ ቦይ የለም፤ እስከ ፒትስበርግ 241 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ባቡር የተወው መንገድ ነው። እዚህ ጭቃው ያበቃል። ጎማው በደቀቀው ድንጋይ ላይ ሲሄድ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ሽሽሽ ይላል። መንገዱ ሜዳ ይመስላል፣ ግን ሜዳ አይደለም። ከዓይን ተሰውሮ ጭን ላይ ብቻ የሚታወቅ ዳገት ነው፤ ወደ 38 ኪሎ ሜትር ያህል አንዴም ሳያርፍ ይወጣል፣ ነገር ግን በየመቶ ሜትሩ ከሁለት ሜትር አይበልጥም። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ዓይነት ድካም ደከመኝ።

ልጅ ሆኜ አባቴ «ባቡር ዳገት አይወድም፤ ቢወድማ ሐረር ይገባ ነበር፣ ድሬዳዋም አትፈጠርም ነበር» ሲል እሰማ ነበር። ፈተና ላይ ጽፌው ነጥብ አግኝቼበታለሁ። የገባኝ ግን አሁን፣ በጉልበቴ ነው። ከላይ 729 ሜትር ላይ «የውሃ መክፈያ ጫፍ» የሚል ምልክት ተተክሏል፣ ፈረንጆቹም ተቃቅፈው ፎቶ ይነሣሉ። ድሬዳዋ ከዚያ ጫፍ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣ «ቆላ» ትባላለች። ሳቄን አፍኜ አነሣኋቸው።

ከዚያ ጫፍ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ዋሻው፤ ጥያቄውም የመጣው እዚያ ነው።

«ማንም አልሰረቀውም አባዬ፤ ኩባንያው በ1975 መስመሩን ተወው፣ ሀዲዱ ተነቀለ» አልሁት።

«ነቅለው የሳይክል መጫወቻ አደረጉት በለኛ!»

በ1983 ስለወጣው ሕግ ነገርሁት፤ ባቡር ቢቀርም መንገዱ ሳይቆራረጥ ለእግረኛና ለሳይክል ይቆይ፣ አንድ ቀን ባቡር ካስፈለገ ይመለስ የሚል ነው። መሬቱ ለቤትና ለአጥር ከተሸነሸነ ግን ማን መልሶ ያገናኘዋል? አልጣመውም። «ሀዲድ የሌለበት መስመር በል ብትለኝ አልልም» አለ። ዝም ተባባልን። እውነቱን ለመናገር እኔም አፍሬ ነበር። እሱ በጠራራ ፀሐይ ዶማ ይዞ የሄደበትን ዓይነት መንገድ እኔ በሚያብለጨልጭ ቁምጣ ለመዝናናት ሄድሁበት፤ ይህን ለአባት እንዴት ይነግሩታል?

በመጨረሻ የቤታችንን ነገር አነሣሁ። ከጆርጅታውን በቤተስዳ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣ አሮጌ መስመር ነበረ፤ ባቡሩ በ1985 ቆመ፣ በ1996 የሳይክል መንገድ ሆኖ ተከፈተ። በ2017 ደግሞ ከቤተስዳ ወዲህ ያለው ተዘጋና ቀላል ባቡር ሊሠሩበት ቆፈሩት። ሳይክል ነጂዎቹ ጮኹ፤ እኔም ከጮኹት አንዱ ነበርሁ።

«ባቡር ሊመልሱበት?»

«አዎ።»

«አንተ ደግሞ ለምን መጣ ብለህ ጮህክ?»

መልስ አልነበረኝም። አባቴ ግን ድምፁ ተለወጠ። የሥራ ድምፁ ሆነ። «ቦዩን አሳየኝ» አለኝ።

«ቦዩ እንኳ ከምበርላንድ ቀረ፣ አሁን ተራራ ላይ ነኝ።»

«የጀልባውን አላልኩህም! የውሃ መውረጃውን። ከመንገዱ ዳር፣ ከተራራው በኩል መኖር አለበት። ሀዲድ ይነቀላል፣ ይተካል። ውሃ የገባበት መስመር ነው የሚሞተው።»

አምስት ቀን ስነዳ አንድ ጊዜም አላየሁትም ነበር። ሳይክሌን ትቼ ወደ ኋላ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ተመለስሁ። እውነትም አለ፤ ከገደሉ ሥር፣ መንገዱን ተከትሎ የሚወርድ ጥልቅ ያለ ቦይ። ቀጭን ውሃ ይሄድበታል። ስልኩን አስጠግቼ አሳየሁት።

«ወደ ታች ያዘው። እንደሱ። ወደ ግራ… እዚያ ጋ ምንድነው ያ?»

«ቅጠል ነው፣ ያለፈው መኸር ቅጠል።»

«ደፍኖታል እኮ። አንሣው።»

ጎንበስ ብዬ የበሰበሰውን ቅጠል በሁለት እጄ ዛቅሁት። ውሃው ትንሽ አመነታና ሄደ። አባቴ እስኪጠራ ድረስ ስልኩን አልዘጋም።