ገለፈቱም ገበያ አለው

እኛ የመሰላ ገበሬዎች ቡናችንን በፀሐይ እናደርቃለን። ጀንፈሉን ወቅጠን ፍሬውን እንሸጣለን። ገለፈቱንስ? ከወተት ጋር አፍልተን ሆጃ እንለዋለን። ቅጠሉንም ቁጢ እናፈላዋለን። ይህ የእናቶቻችን ፈጠራ ነው።

ባሕር ማዶ የመኖች ገለፈቱን ከዝንጅብል ጋር ያፈሉታል፤ ቅሽር ይሉታል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2012 ዓ.ም. የቡና ቅጠል መጠጥ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የደረቀ የቡና ገለፈት በአገሮቹ እንዲሸጥ ፈቀደ። ለእነሱ አዲስ ነው፤ ለእኛ የጥንት።

የቡና ዋጋ ሲወድቅ ጓዳችን ይጎድላል። ስለዚህ ሌላም ገቢ እንፈልግ። ታዲያ ምርቱን ሁሉ ለሙከራ አንሰጥም። አንድ ቁና ይበቃል። ቀዩን ፍሬ ብቻ እንልቀም። መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ አልጋ ላይ እናድርቅ። የሻገተውን እንጣል። ገለፈቱን በትንሽ በትንሹ እንቋጥር። ግማሹን ብቻውን፣ ግማሹን ከደረቀ ዝንጅብል ጋር አድርገን ጭሮ ገበያ እናውጣው።

ገዢው የትኛውን ወሰደ? በስንት? ምን አለ? ማታ ቤት ገብተን በደብተር እንጻፈው። ዛሬ መጻፍ እንችላለን አይደል? ያልተሸጠው አንድ ቁና አያደኸየንም። የተሸጠው ግን ለከርሞ መንገድ ያሳየናል።