አንድ ሰዓት በሐይቅ ላይ

በአዲስ አበባ የሚኖሩ ሠራተኛ እናት ከሆኑና ከደመወዝዎ ጥቂት ቆጥበው ልጆችዎን ለአንድ ቀን አየር ለማስለወጥ ካሰቡ፣ መንገድዎ ወደ ቢሾፍቱ መሆኑ አይቀርም። ብዙዎቻችን በቆየ ልማድ ደብረ ዘይት እያልን የምንጠራት ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በማለዳ የተነሣ ቤተሰብ ፀሐይ ሳትበረታ ከሐይቁ ዳር ይደርሳል።

ከተደረሰ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባትና ትልልቆቹ ልጆች ወደ ጀልባው ሲሮጡ እናት ምሳውን፣ ጫማውንና ሕፃኑን ይዛ ዳር ትቀመጣለች። ሳምንቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤትም በጓዳም ስትለፋ የሰነበተች ሰው በዕረፍቷ ቀን ደግሞ የዕቃ ዘበኛ መሆኗ ተገቢ አይመስለንም። እርስዎም ይግቡ። ነገር ግን አስቀድመው ማወቅ የሚገባዎ ነገር አለ።

በባቦጋያና በኩሪፍቱ ሐይቆች ዳር ካሉት መዝናኛዎች መካከል ካያክ የሚያከራዩ አሉ። ካያክ ማለት ጠባብና ረዘም ያለ፣ ቁጭ ብለው በሁለቱም ጫፍ ምላስ ባለው መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እያሉ የሚነዱት ቀላል ጀልባ ነው። ሞተር የለውም፣ ቤንዚን አይሸትም። በቀኝ በኩል ሲቀዝፉ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል፣ በግራ ሲቀዝፉ ወደ ቀኝ። ይህን ለመልመድ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ጀማሪ ሰው ቶሎ የሚደክመው በክንዱ ብቻ ስለሚታገል ነው፤ ጉልበቱ ከወገብ መምጣት አለበት። ጤፍ ሲነፋ የዋለ ወገብ ደግሞ ይህ አይከብደውም። ቆሞ የሚቀዘፍበት ሰሌዳ ካጋጠመዎ መጀመሪያ መካከሉ ላይ ተንበርክከው ይሞክሩት፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን ካያኩ ይሻላል እንላለን።

አሁን ወደ ሐይቆቹ ጠባይ እንመለስ። ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኙት የቢሾፍቱ፣ የባቦጋያና የሆራ ሐይቆች ጎርፍ የሞላቸው ተራ ኩሬዎች አይደሉም። በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ የወጣ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው። ስለሆነም ወለላቸው እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሳይሆን እንደ ድስት ከጠርዙ ጀምሮ ቁልቁል የወረደ ነው። በአገራችን በስፋቱ አንደኛ የሆነው ጣና፣ ያ ሁሉ ባሕር፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ከዳር እስከ ዳር በዓይን የሚታየው የቢሾፍቱ ሐይቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1968 በታተመ ጥናት 87 ሜትር ሆኖ ተመዝግቧል። ባቦጋያ 65 ሜትር፣ ሆራ 38 ሜትር ተለክተዋል። ልጅ ከዳር ጥቂት እርምጃ ገብቶ እግሩ መሬት የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ኩሪፍቱ ከእነዚህ ይለያል፣ ጥልቀቱም ያነሰ ነው፤ ዋና ለማያውቅ ሰው ግን ከአንገቱ በላይ የሆነ ውኃ ሁሉ አንድ ነው።

ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። የሰጠመ ልጅ ደግሞ እንደምናስበው አይጮኽም። አፉ ከውኃው በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ ትንፋሹን ሊስብበት ነው እንጂ እናቱን ሊጠራበት አይተርፈውም።

በመሆኑም በዋጋ ከመከራከርዎ በፊት የመንሳፈፊያውን ጃኬት ይጠይቁ። ለእያንዳንዱ ሰው፣ በየልኩ። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት ማልበስ አለማልበስ ነው። አልብሰው ማሰሪያውን ሁሉ ካጠበቁ በኋላ ከበስተኋላው ቆመው የጃኬቱን ትከሻ ይዘው ወደ ላይ ይጎትቱት። አገጩንና ጆሮውን አልፎ ከወጣ ውኃ ውስጥም እንዲሁ ሾልኮ ይወጣልና ሌላ ያስመጡ። በሁለቱ እግሮች መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ለትንንሾቹ የበለጠ ይስማማል። በአየር የሚነፋ ቀለበት መጫወቻ ነው፤ ጃኬትን አይተካም። ልክ የሆነ ከሌለ ልጁ ዳር ላይ አሸዋ ይጫወት። ቢያለቅስም ያልቅስ።

በተለይ ሕፃን ለያዙ እናቶች አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ሕፃኑን አዝለው ጀልባ ላይ አይውጡ። ልምዳችን ነውና፣ እጅም ነጻ ስለሚሆን፣ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ደህና ጃኬት ግን የተሠራው የለበሰው ሰው ውኃ ላይ ሲወድቅ ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲያደርገው ነው። እናት ፊቷ ወደ ሰማይ ከሆነ ጀርባዋ ላይ የታዘለው ሕፃን ከሥሯ ውኃ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ በእርጥብ ነጠላ የተቋጠረ አንቀልባም ቶሎ አይፈታም። በደረት አቅፎ መያዝም መፍትሔ አይሆንም።

ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ረጅም ቀሚስና ነጠላ ሲረጥቡ ይከብዳሉ፣ እግርም ይጠልፋሉ፤ ሱሪና ቲሸርት ይበቃል። ባርኔጣ ግን አይርሱ። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ውኃው ደግሞ መልሶ ያንጸባርቃታል።

የሚሻለው ጊዜ ጠዋት ነው። ብዙውን ጊዜ እስከ ረፋዱ ድረስ ውኃው እንደ መስተዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ነፋሱ ከጀርባ እየገፋቸው ስለሚሄዱ ነው። ጉዞው ደስ ይላል፣ ክንድ አይደክምም፤ ለመመለስ ሲዞሩ ግን ያው ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥማቸዋል። ስለዚህ ሲነሡ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበሉት፣ ሲመለሱ እሱ ራሱ ያመጣዎታል። ወደ መካከል መዝለቅም አያስፈልግም፤ ዳሩን ይዘው ቢሄዱ ወፎቹም ቄጠማውም ያሉት እዚያው ነው። ነጎድጓድ ከሰሙ ግን የከፈሉት ጊዜ ቢተርፍም ይውጡ።

ሂሳቡን በሚመለከት፣ ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በግማሽ ሰዓት፣ ሰዓቱስ የሚቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። መያዣ ከጠየቁዎ ምን ቢበላሽ እንደሚያስከፍሉ ይንገሩዎት። ከዚያ ይህን ይጨምሩ፦ «ሰው ቢወድቅ በምን ትደርሱለታላችሁ?» የተዘጋጀ ጀልባና ዋናተኛ ያለው ሰው ፈጥኖ በእጁ ያሳይዎታል። የሚስቅብዎ ከሆነ ገንዘብዎን ወደ ቦርሳዎ ይመልሱ።

ካያክ ቢገለበጥ አይሰምጥም። የወደቀ ሰው ማድረግ ያለበት ጀልባውን ይዞ መቆየትና መጣራት ነው፤ ለቆት ወደ ዳር ልዋኝ ማለት ደህና ዋናተኛን እንኳ ያሳስታል። ይህን ለልጆቹ ገና ዳር ሳሉ ይንገሯቸውና መልሰው እንዲነግሩዎ ያድርጉ።

በመጨረሻ ተራውን ይከፋፈሉ። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ውኃ ላይ አይውጣ፤ አንድ አዋቂ ዓይኑን ከሐይቁ ሳይነቅል ዳር ይቁም፣ ስልኩንም ኪሱ ይክተት። የመጀመሪያው ዙር የአባትና የልጆች ከሆነ ሁለተኛው የእርስዎ ነው። ሕፃኑን አባትየው ይያዝ፣ የምሳው ዕቃም ከእሱ ዘንድ ይቀመጥ። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው።