የቦይለር አሮጌ ኢንሱሌሽን በደረቁ አይነካም

በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካም ሆነ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለ እንፋሎት አይንቀሳቀሱም ነበር፤ ስኳር የሚፈላው፣ ጨርቅ የሚቀለመው በእንፋሎት ነው። በዚያ ዘመን በመላው ዓለም የቦይለርና የእንፋሎት ቧንቧ መሸፈኛ በአብዛኛው አስቤስቶስ ነበረበት። ስለዚህ የዚያ ዘመን ቦይለር ባለበት ሁሉ፣ ላብራቶሪ አይደለም እስኪል ድረስ ኢንሱሌሽኑ አስቤስቶስ እንዳለበት ተቆጥሮ ይሠራል። ዓይን አይለየውም። ነጩ ልስን ብቻ ሳይሆን የቦይለር በር ዙሪያ ያለው ገመድና የፍላንጅ ጋስኬትም ይጠረጠራል።

የአስቤስቶስ ጉዳት ዘግይቶ መምጣቱ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። ብናኙ አያሳክክም፣ አይሸትም። ከዲማ ወይም ከደብረ ማርቆስ ሄዶ በፋብሪካ ጥገና ክፍል የተቀጠረ ወጣት በሃያ ዓመቱ የተነፈሰው ስልሳ ሲሞላው የሳንባ ካንሰር ወይም ሜሶቴሊዮማ (በተለይ የሳንባ ሽፋን ካንሰር) ሆኖ ሊነሣ ይችላል። ሲጋራ ካጨሰ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ እጅግ ይብሳል። ያን ጊዜ የድሮ ሥራውን የሚጠይቀው ሐኪም ካላገኘ ምክንያቱም ሳይታወቅ ይቀራል።

ጥገናው የሚጀመረው ቦይለሩ ቀዝቅዞ፣ ግፊቱ ወጥቶ፣ ቫልቮቹ ከተቆለፉ በኋላ ነው። አካባቢው በፕላስቲክ ይታጠራል፤ ሥራ የሌለው ሰው ይወጣል። ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ውኃ በቀስታ እየተረጨ ኢንሱሌሽኑ እስከ ውስጡ ይርሳል፤ ከዚያ በእጅ መሣሪያ በትልልቁ ይነሣል። ግራይንደር፣ የአየር ኮምፕሬሰርና መጥረጊያ ክልክል ናቸው፤ ብናኙን አየር ላይ ይበትናሉና። የጨርቅም የሐኪም ማስክም አይበቃም፤ ፒ3 ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ የሚገጥም መተንፈሻ ያስፈልጋል። ጢም ካለ አይገጥምም።

ቱታው ከግቢ አይወጣም። በሌላው ዓለም የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሚስቶች በሜሶቴሊዮማ ሞተዋል፤ ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ ነበሩ። ቱታና የገላ መታጠቢያ ማቅረብ ለሠራተኛ የሚደረግ ቸርነት አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። የተነሣው ኢንሱሌሽን እንደረጠበ በድርብ ወፍራም ፕላስቲክ ታስሮ፣ ምንነቱ ተጽፎበት በአደገኛ ቆሻሻነት ይወገዳል።

አስቤስቶስን የተካው ሴራሚክ ፋይበርም ያለ መተንፈሻ አይነካም፤ ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ሲቆይ ከፊሉ ሳንባ ወደሚጎዳ የሲሊካ ዓይነት ይለወጣል።