ለዓይን የሚታዘዝ ፊደል

«ቤቱ» እና «ቤቴ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። የ«ቱ» ከፊደሉ ወገብ፣ የ«ቴ» ደግሞ ከእግሩ ሥር ትወጣለች። የላቲን ፊደል አናባቢውን ራሱን በቻለ ሆሄ ሲጽፍ፣ የእኛው ፊደል ግን ከተነባቢው ገላ ላይ ያንጠለጥለዋል። እንግዲህ ዓይኑ ለደከመ አንባቢ ቤቱ የማን እንደሆነ የምትወስነው ይህች ቅንጣት ናት።

ስለ ኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ መሣሪያ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ ይህን ነጥብ ይዘልለዋል። የወረቀት ሽታ፣ የገጽ ኮሽታ፣ የመደርደሪያ ውበት ይወሳል። የወረቀት ሽታ ግን ማንበብ ለቻለ ሰው የሚተርፍ ጸጋ ነው።

ጡረታ ከወጡ ዓመታት ያስቆጠሩ አንድ የቋንቋ መምህር ዕድሜ ልካቸውን ሲያስነብቡ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ራሳቸው የሚያነብላቸው ሰው ፈላጊ ሆኑ። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ አጠገባቸው ተቀምጦ ያነብላቸው ነበር፤ ሲቸኩል ይዘላል፣ ሲያፍር ድምፁን ይውጣል። «እዚያች ላይ መለስ በልልኝ» ማለት አንድ ጊዜ ያምራል፤ በሦስተኛው ልመና ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ብዙ አድማጭ በጸጥታ ተከታትሎታል። ይሁን እንጂ ተራኪው ምንም ያህል ቢራቀቅ አድማጭ የሚጓዘው በተራኪው እርምጃ ነው። አንባቢ በገዛ እርምጃው ይሄዳል፤ ሲያሻው ቆሞ ይተክዛል። መምህሩ የተነጠቁት ይህንን ነበር።

ውጭ አገር ከምትኖር ልጃቸው የደረሳቸው መሣሪያ ከአንድ ደብተር ብዙም አይከብድም። የዚህ ዓይነቱ ማንበቢያ በሰፊው የታወቀው አማዞን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ኪንድልን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነው። ገጹ እንደ ስልክ ከጀርባው ብርሃን ወደ ዓይን አይረጭም፤ እጅግ ደቃቅ በሆኑ እንክብሎች ውስጥ ያሉ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ኃይል እየተሳቡ ወደ ላይ ሲወጡ ፊደል ይሠራሉ። አንዴ ከተደረደሩም ሌላ ገጽ እስኪገለጥ ድረስ ኃይል አይጠይቁም፤ ስለዚህም አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ ለሳምንታት ሊበቃ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፊደሉን ማጉላቱ ነው። ፊደሉ ሲያድግ መስመሩ ራሱን እንደገና ይደረድራል፤ በአንድ ገጽ የሚያዘው ቃል ያንሳል እንጂ ከጠርዝ ውጭ የሚቀር የለም። መምህሩ በመጀመሪያው ምሽት አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ይዘው እስከ እኩለ ሌሊት አመሹ። በማግስቱ የልጅ ልጃቸው እንደ ልማዱ ሊያነብላቸው ሲመጣ፣ «ዛሬስ ኳስህን ተጫወት» አሉት።

እንግሊዝኛ መሆኑ ልብ ይባል። በእጃቸው የገቡት የአማርኛ መጻሕፍት በአብዛኛው ከወረቀት የተነሡ የገጽ ፎቶግራፎች ናቸው፤ መሣሪያው እነዚህን እንደ ሥዕል እንጂ እንደ ጽሑፍ አያውቃቸውም። ሲያጎሏቸው መስመሩ ይቆረጣል። የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ለማየት ገጹን ወደ ግራ ወደ ቀኝ መጎተት ግድ ይላል፤ ያውም በየመስመሩ። የአማርኛ መምህር ያገኙት ነፃነት በባዕድ ቋንቋ ብቻ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

ጉድለቱ ከፊደሉ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የሆሄያት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በየራሱ ሥርዓት የተጻፈው ጽሑፍ የተጻፈበት ፎንት ከሌለ ትርጉም የለሽ ምልክት ስለሚሆን፣ እርሱን መመለስ ድካም አለው። ዛሬ የሚታተም መጽሐፍ ግን ወረቀት ላይ ከመውረዱ በፊት በኮምፒዩተር ተጽፎ ያለቀ ነው። ደራሲው ፈቅዶ፣ የድካሙም ዋጋ ተከፍሎት፣ ያው ጽሑፍ ለማንበቢያ መሣሪያ በሚስማማ መልክ ከወረቀቱ ጎን ቢሸጥ አሳታሚውን የሚጠይቀው ጥቂት የቅንብር ሥራ ነው። ስርቆትን የሚፈሩ አሳታሚዎች ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አይባልም፤ ነገር ግን በፎቶግራፍ የተባዛው መጽሐፍ አሁንም ያለ ደራሲው ፈቃድ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ነው፤ ለደካማ ዓይንም አይነበብም።