ቤሳ ቤስቲን

ሰው መቼም ያለ አመል አይፈጠርም። አንዱ ጫማ ይወዳል፤ ሌላው የኳስ ወሬ ሲነሳ እህል ውሃ ይረሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ፈተና ደርሶበት ካርታ ሲጫወት ያድራል። የኛ አመል አሮጌ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ስንል ግን እንዳትደነግጡ። ካፌ ገብተው ማኪያቶ የሚያዙበት ገንዘብ አይደለም፤ እሱማ ከየት መጥቶ! የኛ ገንዘብ የሞተ ገንዘብ ነው። ባለሱቅ ፊት ቢዘረግፉት የሚያስቅ፣ ባንክ ቢወስዱት ገንዘብ ተቀባይዋ አገላብጣ አይታ «ይሄን ደሞ ከየት አመጣችሁት?» ብላ በመስኮቱ የምትመልሰው ዓይነት።

አራት ነን፤ የምናድረውም ባንድ ክፍል ነው። ሀብታችን በሙሉ ባንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ይገባል። ቆርቆሮዋ ካልጋ ሥር ትቀመጣለች። ከሷ ጋር አንድ ደብተር አለ። ይህ ጽሑፍ ስለ ቆርቆሮዋም ስለ ደብተሩም ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥብን ግን እርስ በርስ እስክንጨቃጨቅ ድረስ እኛም አላወቅነውም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው። ወር ሲጋመስ ተማሪ ሁሉ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል። አንድ ቀን አንዳችን «ለመሆኑ ቤሳን በዓይኑ ያያት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አላያትም። የሌለንን ነገር እንኳ የማናውቅ ሰዎች ሆነን ተገኘን! ቅዳሜ ጧት ተያይዘን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን። ምናለሽ ተራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ላላያችሁት ደግሞ እዚያ የሌለ ነገር የለም ማለቱ ይበቃል። ከዛገ ምስማር፣ መክፈቻው ከጠፋ ጓጉንቸር፣ እጀታው ከተሰበረ የከሰል ካውያ መሀል አንድ ሽማግሌ ሳንቲም በጣሳ ሞልተው ይዘው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ቤሳ ይኖርዎታል?» አልናቸው።

«ተማሪዎች ናችሁ አይደል? እናንተ ዘንድ ቤሳ ቢገኝ ነበር የሚገርመኝ» ብለው ሳቁና ከጣሳው ሥር አንዲት የጠቆረች መዳብ ፈልገው አወጡ። ባንድ ፊቷ የዳግማዊ ምኒልክ መልክ፣ በሌላው አንበሳ። በጣት ብትይዟት የሸሚዝ ቁልፍ ታህላለች።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ቤት ገብተን ማገላበጥ ጀመርን። 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት የመጀመሪያው የምኒልክ ብር የተመታው ፓሪስ ኖሯል። ብሩ ለሁለት ሲከፈል አላድ፣ ለአራት ሲከፈል ሩብ፣ ለስምንት ሲከፈል ተሙን ይባል ነበር። ከዚያ በታች ግርሽና ቤሳ ይመጣሉ። ስለዚህ «ቤሳ የለኝም» ማለት «የመጨረሻዋ ትንሿም የለችኝም» ማለት ነው። እኛ እንግዲህ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እንዲህ ማለት ቀርቶብናል። ቤሳማ አለችን! ቤስቲንን ግን እስካሁን አላገኘናትም፤ ስለዚህ ወር ሲጋመስ «ቤስቲን የለንም» ብቻ እንላለን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቆርቆሮዋ ከበደች። እያንዳንዱ ሳንቲም ሲገባ አንድ ወሬ ይዞ ይገባል። ለምሳሌ ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ የምንለው ለምንድን ነው? ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ባገራችን የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይሠራበት ነበር። በ1937 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የራሷን ገንዘብ ስታወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። የብር ግማሽ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ሃምሳ ሳንቲምም ሽልንግ ሆኖ ቀረ። እንግሊዝ ሄደ፤ ሽልንጉም ሄደ፤ ስሙ ግን እናቶቻችን አፍ ውስጥ ተሸሽጎ ስንት ዘመን ከረመ።

የስሙኒው ደግሞ የባሰ ነው። 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት ያ የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም ሁለት ዓይነት አለው፤ አንደኛው ክብ፣ ሁለተኛው ዳሩ እንደ አበባ የተከረከመ። መጀመሪያ የወጣው ክቡ ነው። ችግሩ መጠኑ ከሽልንጉ ጋር መቀራረቡ ነበር። ሽልንጉ እውነተኛ ብር፣ ስሙኒው መዳብ፤ ታዲያ አንዳንዱ ብልጥ ስሙኒውን እየቀባ በሽልንግ ስም ያሳልፈው ገባ። መንግሥትም ዳሩን ከርክሞ አወጣው። እነሆ አጭበርባሪ ባይኖር ኖሮ ስሙኒ አበባ ባልመሰለ! ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ባየን ቁጥር ያ ስሙ ያልተጻፈ ቀቢ ትዝ ይለናል። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ጎንበስ ብሎ ሲቀባ የሚታየን እኛ ነን እንጂ መጻሕፍቱ ስለሱ ይህን ያህል አይሉም።

የዚህ አመል ትልቁ ደስታ ግን ከመጻሕፍት አይገኝም። አንድ ምሽት ቆርቆሮዋን ይዘን በር ላይ ተቀምጠን ሳለ የግቢው ጥበቃ መጡ። 1969 ዓ.ም. የተጻፈበትን አንድ ሳንቲም አነሱ። ባንድ በኩል የአንበሳ ራስ፣ በሌላው በኩል በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ አለበት። ጋሼ ሳንቲሟን ወደ መብራቱ አቅርበው ብዙ ዝም አሉና «ይኸኛው ቦራ ነው፤ ያኛው ወይኖ» አሉ። ግራ ገብቶን ዝም አልን። ለካ በልጅነታቸው ያባታቸው በሬዎች ስም ነው። ሳንቲሟ ስትወጣ እረኛ ነበሩ። ያባታቸውን በሬዎች መንግሥት ሰምቶ ገንዘብ ላይ ያወጣላቸው መስሏቸው ለጎረቤት ልጆች ሁሉ ሲያሳዩ ከረሙ። በኋላ ባንድ ክፉ ዓመት ወይኖ ሞተ። ቦራም ብቻውን ምን ይሁን? ተሸጠ። ሳንቲሟ ላይ ግን እስከ ዛሬ ተጠምደው ያርሳሉ። ጋሼ ይህን ብለው ሳንቲሟን መልሰው ሰጡንና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ባንድ ሳንቲም ዛሬ የሚገዛ ነገር የለም። እኛ ግን ያቺን ሳንቲም በመቶ ብር አንለውጣትም። ደብተሩን የገዛነው በማግስቱ ነው።

አሁን ወደ ጠገራው እንምጣ። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው፤ ብሯ ግን አልሞተም። ከሷ በኋላ በተለያዩ አገሮች ሲመታ ኖሯል፤ መቼም ይመታ የት የሚጻፍበት ዓመት ግን ያው 1780 ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ፣ ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር። ያገራችን ሰው ይህን ሞተው የተቀበሩ የባዕድ ንግሥት መልክ አምኖ ቡናውንም በቅሎውንም ሸጦበታል። የምኒልክ ብር ሲወጣ እንኳ ብዙው ገበያ «የለመድኩትን ስጡኝ» ብሎ በጠገራው ጸና። ቅርጹ የተፋቀ፣ ጌጧ የጠፋ ሲመጣለት አገላብጦ አይቶ አልቀበልም ይል ነበር። ብር አንጣሪው ደግሞ አቅልጦ መስቀልና ድሪ ሠራበት። እናቶችም አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

ካራታችን አንዱ አገሩ ጎጃም ነው። ባለፈው ክረምት ሦስታችንም እንግዳ ሆነን አብረነው ወረድን። አያቱ አንገት ላይ በጥቁር ማተብ የተንጠለጠለ አንድ ጠገራ አየን። መቼም አመል አይደል፤ ዓይናችን እዚያው ተተከለ። እሳቸውም አይተውናል።

«ምነው ልጆቼ፣ አንገቴ ላይ ምን አያችሁ?»

«እማማ፣ ይህን ብር ከየት አገኙት?»

«ከእናቴ ነዋ። እናቴም ከናቷ።»

ቡና እየፈሉ አወሩልን። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ የናታቸው አባት ያላቸውን ጠገራ ሁሉ በማሰሮ አድርገው ሌሊት ቀብረው ወደ በረሃ ወጡ። የት እንደቀበሩ ለሰው አልነገሩም፤ ተይዞ የተገረፈ ሰው እንዳያወጣው ብለው ነው። ጠላት ሄደ፤ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ከበረቱ ሥር ነው የሚል በረቱን ቆፈረ፤ ከዋርካው ሥር ነው የሚልም ዋርካውን ቆፈረ። ማሰሮው ዛሬም የለም። የቀሩት ያን ሌሊት ሚስታቸው አንገት ላይ የነበሩት ሁለት ጠገራዎች ብቻ ናቸው።

«ሁለት?» አለ የልጅ ልጃቸው። እሱ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

አሮጊቷ ስኒውን እየቀዱ «አንዱንማ አንተ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ላንጣሪው ሰጠሁት። መሳፈሪያና ፍራሽ ያሻህ አልነበር?» አሉት።

ወዳጃችን ያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገረም። ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ የሚተኛበት ፍራሽ ያ መሆኑን ሁላችንም አሰብነው። አንጥረኛው ጠገራውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ የከፈለው ለ28 ግራም ነው። ማሰሮው፣ ዋርካው፣ ያ ሌሊት ሚዛን ላይ አልወጡም። ማንስ ጠየቀ?

ጭቅጭቁ የመጣው ማታ ነው። እማማ የቀረውን ጠገራ ፈትተው «እንዲህ ከወደዳችሁት ውሰዱት፤ እኔ ነገ አፈር ነኝ» አሉን። ሁለታችን «እንውሰድ፤ እዚህ ቢቀር ነገ ያው አንጥረኛው ዘንድ ይቀልጣል፤ ቆርቆሯችን ውስጥ ግን ይኖራል» አልን። ሁለታችን ደግሞ «ካንገታቸው ተፈትቶ ካልጋ ሥር ሲቀመጥ ምኑን ኖረ?» አልን። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። የወሰዳችሁ ወገኖች ክርክር እውነት አለው፤ ይህን አንክድም። ገበያው የእማማን ዕድሜ አይጠብቅም። መጨረሻ ላይ ነገሩን የቆረጠው የልጅ ልጃቸው ነው። «አንዱ ለኔ ቀልጧል። ይኸኛው እሷው ጋ ይሁን» አለ። ከዚያ በላይ የሚከራከር አልተገኘም።

ጧት ወረቀት በጠገራው ላይ ዘርግተን በእርሳስ ፈገፈግነው። የንግሥቲቱ መልክ፣ ያ 1780፣ ሁሉም ወረቀቱ ላይ ወጣ። ደብተሩ ውስጥ ለጠፍነውና ከሥሩ ታሪኩን እማማ እንዳወሩት ቃል በቃል ጻፍን። ከጎኑ አንድ ባዶ ክብ አለ። እሱ የቀለጠው ነው። ቆርቆሯችን ውስጥ ጠገራ የለም፤ ከሁሉ አብልጠን የምንገልጠው ገጽ ግን ይህ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። አንዳንድ ሰው አመላችንን ሲሰማ «የአክሱም ሳንቲም አለኝ፣ ትገዛላችሁ?» ይለናል። አንገዛም። የአክሱም ነገሥታት ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት ወርቅ፣ ብርና መዳብ አስመትተዋል፤ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ደግሞ በሳንቲሙ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ወርዶ መስቀል ወጣ። አንድ ሕዝብ እምነቱን ሲለውጥ በጣት በምትያዝ ቁራጭ ብረት ላይ ይታያል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ግን የሚያናግረው የተገኘበት አፈር ነው። ማን ጎን ነበር? ከምን ጥልቀት ወጣ? ባንድ ሰው ኪስ ገብቶ መርካቶ ከደረሰ በኋላ ይህን የሚመልስ የለም። ሕጉም ቢሆን፣ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ከመሬት የወጣ ጥንታዊ ዕቃ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። የኛ ቆርቆሮ የሚፈልገው ባለቤቱ በሕይወት ኖሮ የሚያወራለትን ነው።

ደግሞም አሮጌ ነገር ለመሆን ብዙ ዘመን አይፈጅም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶቹ ሲለወጡ አንዳችን አንድ አሮጌ አሥር ብር አስቀርቷል፤ ያ ሴትዮዋ ስፌት የምትሰፋበት። እናቱ ከገበያ ስትመለስ መቀነቷን ፈትታ የሰጠችው ነው። እንደታጠፈ ነው ያለው፤ የመቀነቱ እጥፋት እስካሁን አልለቀቀም። ዛሬ ግን እናቱ የምትልክለት በቴሌብር ነው። ስልኩ «ጢን» ይላል፤ ብሩ ገባ። እኛ ይህን አንጠላም፤ ለተማሪ የመጣለት መንገድ ሁሉ ቅዱስ ነው! ብቻ አንዳንዴ እንጠያየቃለን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጡት ልጆች የኛን ዘመን ገንዘብ ከየትኛው ጣሳ ይዝቁታል? እጥፋቱንስ የት ያዩታል?

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ቆርቆሮዋ የምትከፈተው ቅዳሜ ከራት በኋላ ነው። መግቢያው አንድ አሮጌ ነገርና አንድ ወሬ ነው። ገንዘብ መሆን የለበትም፤ ያባታችሁ የቆመ ሰዓትም፣ የአክስታችሁ የተሰነጠቀ ሸክላም ይሆናል። ዕቃውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ወሬውን ለደብተሩ ትተዉልናላችሁ። ዕቃ የሌላችሁም ብትሆኑ በዚህ ክረምት አገር ቤት ስትወርዱ አንገት ላይ፣ ሙዳይ ውስጥ፣ ሳጥን ሥር ያለውን እያያችሁ «ይሄ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቡናው ሳይበርድ ጠይቁ። ላንጣሪ የተሰጠ ካለ እሱንም ጠይቁ፤ ምናልባት የተኛችሁበት ይሆናል።

ቤስቲንን ያገኘ ሰው ደግሞ ቅዳሜን አይጠብቅ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን በራችንን ያንኳኳ።