ቱናው ምን በልቶ ፒያሳ ደረሰ?

ቅዳሜ ከሰዓት ልጆችዎን ይዘው ፒያሳ ወጡ እንበል። አራዳ ጊዮርጊስን አልፈው በማዘጋጃ ቤት በኩል ቁልቁል ይወርዳሉ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የሰፈሩ መልክ ተቀይሯል። ሲደክም ካፌ ገብቶ አረፍ ማለት ግን እንደ ድሮው ነው፤ ልጆቹም ሜኑው ሳይቀርብ «ቱና ፒዛ!» ይላሉ። በጾም ወቅት ዓሣ የሚበላ ቤተሰብ ደግሞ ቱናን ያዘወትራል።

ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ሰፈር የደረሰው ይህ ዓሣ ከጣሳ የወጣ ነው። በሕይወት ሳለ ግን ዕረፍት የማያውቅ አዳኝ ነበር። ቱና የሚተነፍሰው እየዋኘ ነው፤ አፉን ከፍቶ ወደፊት ካልሄደ ውኃው በስንጥቡ አያልፍም። ሰውነቱም ከከበበው ውኃ ይሞቃል። ይህ ሁሉ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ትናንሽ ዓሦችን፣ ስኩዊድንና ሽሪምፕን ሲያሳድድ ይውላል። በመንጋ ሆኖ ትናንሾቹን ወደ ውኃው ገጽ ሲገፋቸው የባሕር ወፎች ከላይ ይወርዱባቸዋል፤ አጥማጆችም ወፎቹን አይተው ቱናው የት እንዳለ ያውቃሉ። ዓይነ ትልቁ ቱና፣ «ቢግአይ» የሚባለው፣ ቀን ወደ ጥልቁ ወርዶ ያድናል፤ ማታ ወደ ላይ ይወጣል።

ለወላጅ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በባሕር ውስጥ ያለ ሜርኩሪ ከተበላው ወደ በላው ይተላለፋል። ትልልቅና ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ አዳኞች ብዙ ያከማቻሉ። ጉዳቱም በተለይ በማደግ ላይ ባለው የጽንስና የሕፃናት አእምሮ ላይ ይበረታል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ነፍሰ ጡሮችና ልጆች ቢግአይን እንዲተዉ ይመክራል። አልባኮርና የሎውፊን ለነፍሰ ጡሮች በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከትንሹ ቱና ከስኪፕጃክ የሚዘጋጀው «ላይት» ቱና ግን ለልጆች በሳምንት ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል። መጠኑ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በአንድ ጊዜ 30 ግራም፣ ከ4 እስከ 7 ላለው 60 ግራም ያህል ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ የጣሳው ፊት ለዓይን፣ ጀርባው ለመረጃ እንደሚዘጋጅ አውቃለሁ። እርስዎም ሱፐርማርኬት ሲገቡ ጣሳውን ገልብጠው «ስኪፕጃክ» ወይም «ላይት» የሚል ይፈልጉ። ካፌ ውስጥም አስተናጋጁን የትኛውን ቱና እንደሚጠቀሙ ቢጠይቁ ነውር የለውም።

አማራጩም ሩቅ አይደለም። ከሐይቆቻችን የሚመጣው ቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ነው። ሌሎች ዓሦችን አሳድዶ ስለማይኖር ሜርኩሪው ዝቅተኛ ነው፤ በዚያው የአሜሪካ ዝርዝርም ቲላፒያ በሚል ስሙ ከምርጦቹ ተርታ ተቀምጧል።

ስለዚህ ቱናን ከገበታዎ አያስወጡ። አንድ ቀን ቱና፣ ሌላ ቀን ቆሮሶ ጥብስ ያድርጉት። ለትንሹ ልጅዎ ግን የቆሮሶውን አጥንት በደንብ ለቅመው ያውጡለት።