የኤሊዋ እንግዳ

ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም መሰል ነገር እጭራለሁ። በግጥሞቼ ውስጥ እባብ ሁልጊዜ ከሃዲ ነው። ከሣር ሥር ያደባል፤ የወዳጅ ፊት ለብሶ ይመጣል፤ ይነድፋል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊጽፍ ኖሯል? አንድ ቀን እንኳ «የትኛው እባብ?» ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ጥያቄውን ያመጣብኝ እዚህ አትላንታ አብሮኝ የሚሠራ የደቡብ ጆርጂያ ተወላጅ ነው። ልጅ ሳለ አባቱ ራትልስኔክ የተሰኘውን መርዘኛ እባብ ሊያድኑ ሲወጡ ይከተላቸው ነበር። በአሸዋማው ጫካ የኤሊ ጉድጓድ ይፈለጋል፤ ረጅም ጎማ ይሰደድበታል፤ በጎማው ቤንዚን ይንቆረቆራል። ሽታው ያፈነው እባብ እየተንገዳገደ ሲወጣ ይያዛል።

«አንዳንዴ ግን ሌላ ይወጣ ነበር» አለኝ፣ የቡና ስኒውን እንደያዘ። «ጥቁር፣ ረጅም፣ ብትይዘው እንኳ የማይናከስ። አባቴ ወደ ጉድጓዱ ይመልሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ይኑር ይሙት አላውቅም።»

ያ ጥቁር እባብ ኢስተርን ኢንዲጎ ይባላል። ከዩናይትድ ስቴትስ አገር በቀል እባቦች በርዝመት የሚስተካከለው የለም፤ ትልቁ ወንድ ከ2.5 ሜትር ያልፋል። ጥላ ውስጥ ከሰል ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሰማያዊ ያንጸባርቃል። መርዝ የለውም፤ ጠምጥሞም አይገድልም። ጉልበቱ መንጋጋው ነው። እንቁራሪት ይበላል፣ አይጥ ይበላል፣ ያስጠለለችውን ኤሊ ልጆች ሳይቀር ይበላል (ይቅር የማልለው በዚህ ብቻ ነው)፤ ሌሎች እባቦችንም፣ ራትልስኔክን ጭምር፣ ይውጣል። እንግዲህ አስቡት፦ ሰው የሚፈራውን የሚበላ ፍጡር፣ ያንኑ የሚፈራውን ሊይዝ በመጣ ሰው ቤንዚን ይታፈናል።

ጉድጓዱን የምትቆፍረው ጎፈር የምትባለው ኤሊ ናት። ብዙ ሜትር ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቤቷ ከ350 የሚበልጡ የእንስሳት ዓይነቶችን ያስጠልላል። ኢንዲጎ በጆርጂያ ብርዳማ ክረምት ያለዚህ ጉድጓድ መክረም ይቸግረዋል። ኤሊዋ ደግሞ ሣር ትሻለች፤ ሣሩ ፀሐይ ይሻል፤ ፀሐዩ መሬት እንዲደርስ በቅጠለ ረጅሙ ጥድ ጫካ ውስጥ በየጥቂት ዓመቱ እሳት ማለፍ አለበት። ጥዱን እሳት ብዙም አይጎዳውም፤ ቁጥቋጦውን ግን ያነሣል። ያ ጫካ በአንድ ወቅት 36 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍን ነበር። ተቆረጠ፤ እሳቱም ተከለከለ፤ ዛሬ ከመቶው የቀረው ጥቂት እጅ ነው።

የገዛ ገርነቱም ጎድቶታል። አይናከስምና ለቤት ማሳደጊያ እየተለቀመ ተሸጠ። በ1978 (በፈረንጆች አቆጣጠር) መንግሥት በሕግ ከሚጠበቁት፣ ሥጋት ካንዣበበባቸው እንስሳት መዝገብ አገባው። ጎረቤት አላባማ ውስጥ ግን ከ1954 ወዲህ ታይቶ አያውቅም ነበር። በ2010 በሰው እጅ ያደጉ ኢንዲጎዎችን ኮኔካ በተባለው ብሔራዊ ደን መልቀቅ ተጀመረ። ዐሥር ዓመት ተጠበቀ። በ2020 እዚያው ጫካ ውስጥ የተፈለፈለ፣ የሰው እጅ ያላሳደገው አንድ ግልገል ተገኘ።

የጆርጂያ የእባብ አደን በዓላትም ተለውጠዋል፤ ክላክስተን በ2012፣ ዊገም በ2022 እባብ ማጋዙን ትተው የዱር እንስሳት ትርዒት ሆነዋል።

የግልገሉን ነገር ለባልደረባዬ ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለና ሁለት እጆቹን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ይህን ያህላል?» አለኝ። ሳልመልስለት ደንበኛ መጣበት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያላለቀውን ግጥሜን አወጣሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ እባብ አለ። ሰረዝኩት። ቦታው እስካሁን ክፍት ነው።